ያልፎከረችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጅቦች ውኃውንም ሣሩንም በያዙበት ዘመን፣ ባሏን ለበሉት ጅቦች ሦስት ዓመት ሙሉ ጭነት የተሸከመች አህያ ነበረች። የአገሩ እንስሳት «የጅብ አህያ» ይሏታል። እሷም ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ታልፋለች እንጂ «አይደለሁም» ብላ አታውቅም። ለምን እንዳላለች ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በውኃ ነው። በዚያ አገር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከሥሩ በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ምንጭ ይፈልቃል። አያ ጅቦ ወገኖቹን አስከትሎ መጣና ዋርካው ሥር ተጋደመ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ውኃ የሚጠጣ ወገን ሁሉ በየተራው አንድ ራስ ይገብራል» አለ። አንድ ራስ ማለት አንድ እንስሳ ማለት ነው። በጎች ገበሩ፣ ፍየሎች ገበሩ፣ ሚዳቋዎች ገበሩ። የአህያ ተራ ሲደርስ ዕጣው የወጣው በእመት አህዪት ነበር። ባሏ ግን «አንቺ እቤት ቆዪ» ብሏት ሄደ። አልቆየችም፤ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆና ሁሉንም አየች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። ተረቱን ያወጡት ሰዎች የእሷን ባል አላዩትም።

ከዚያ በኋላ አያ አንበሶ ጎሹን፣ በሬውንና ከርከሮውን ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ጫካ ገባ። ያን ጊዜ ነገሩ «አመፅ» ነበር የሚባለው። «አብዮት» የተባለው ከድል በኋላ ነው። ስሙን ያወጣለትም ቀበሮ ነው፤ ሲታመፅ ግን ቀበሮ አልነበረም።

የአያ አንበሶ ጦር መጀመሪያ ላይ አልቀናውም። ጅቦች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዴ በሜዳው፣ አንዳንዴ በገደሉ ሥር ዞረው ይመጣሉ። ሜዳውን ሲጠብቁ በገደሉ፣ ገደሉን ሲጠብቁ በሜዳው እየመጡ አስጨነቋቸው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመጠበቅ ደግሞ ጉልበቱ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት እመት አህዪት ብቻዋን ደረቅ ሣር ስትነጭ አባ ጃርት መጣ። አባ ጃርት ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ ለአያ አንበሶ ወሬ የሚሰበስብ ሽማግሌ ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ ልጄ?»

«እግዜር ይመስገን፣ አባ።»

«ኀዘንሽን ሰማሁ። እግዜር ያጽናሽ።»

«አሜን።»

አባ ጃርት ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጅቦች ጭነት የሚሸከምላቸው ይፈልጋሉ። ሄደሽ ግቢላቸው» አላት።

እመት አህዪት ያኘከችው ሣር ከአፏ ወደቀ። «ባሌን እኮ ነው የበሉት!»

«ለዚህ ነው አንቺን የመረጥኩ። አህያ ቂም ትይዛለች ብሎ የሚያስብ ጅብ የለም። አጠገብሽ ቁጭ ብለው ይመክራሉ፤ 'አህያ ምን ትሰማለች' ነው የሚሉት።»

«እሺ፣ ሰማሁ እንበል። በየት ወጥቼ ለማን እነግራለሁ?»

«መውጣትም መናገርም አያስፈልግሽም። ታናፊያለሽ።»

መላውን አስረዳት። ጅቦቹ በሜዳው የሚመጡ ከሆነ እንደማንኛዋም አህያ ረጅም አናፍታ ትጨርሳለች። በገደሉ ሥር የሚመጡ ከሆነ ግን ማናፋቷን መሐል ላይ ቆርጣ፣ ትንፋሽ ወስዳ፣ እንደገና ቆርጣ ትጨርሳለች። ከዋርካው በላይ ባለው ቋጥኝ ላይ ሰሚ አለ። ሰሚው ለአባ ጃርት፣ አባ ጃርትም ለአያ አንበሶ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«አያ አንበሶ እኔ መሆኔን ያውቃል?» ስትል ጠየቀች።

«ስምሽን ለማንም አልናገርም፤ ለእሱም ቢሆን። ለአንበሳ የተነገረ ለጎፈሩ ተነገረ ማለት ነው፤ ጎፈሩ ውስጥ ስንት ቅማል እንዳለ ደግሞ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«ጎረቤቶቼ ምን ይሉኛል?»

«ይሰድቡሻል። ስድባቸው ነው መደበቂያሽ። ድል ያደረግን ቀን እኔው ራሴ ከጎንሽ ቆሜ እናገርልሻለሁ፤ ከዋርካው ምንጭም መጀመሪያ የምትጠጪ አንቺ ትሆኛለሽ። እስከዚያ ግን አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። በይ መሐላሽን ልስማ።»

«አባ ጃርት ይሙት፣ አልናገርም» አለች።

ሽማግሌው ሳቅ አለ። «በእኔው ሞት ማልሽ? ይሁን። እንግዲህ ነፍሴ ያለችው አንቺ አፍ ውስጥ ነው» ብሏት ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

እመት አህዪት በማግሥቱ ዋርካው ሥር ሄዳ ቆመች። አያ ጅቦ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሥራ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ጊዜ ወሰደበት። ሆዱ «ብላት» ይለዋል፤ ስንፍናው «ጫንባት» ይለዋል። ዕለቱ ጠግቦ የዋለበት ዕለት ስለነበር ስንፍናው አሸነፈ።

«ትሸከሚያለሽ» አላት። «አጥንቱን፣ ቆዳውን፣ የተረፈውን ሁሉ። በታማኝነት ካገለገልሽ ወሮታሽን አላስቀርም።»

«ወሮታዬ ምንድን ነው፣ ጌታዬ?»

«መጨረሻ ላይ ነው የምበላሽ።»

የቀሩት ጅቦች በአለቃቸው ቸርነት ተደነቁ። እመት አህዪትም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

እንዲህ ሆና ሦስት ዓመት ተሸከመች። አንዳንዴ የምትሸከመው የምታውቀውን እንስሳ ቆዳ ነበር። ጅቦቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው በየት እንደሚዘምቱ ሲማከሩ እሷ ከነጭነቷ አጠገባቸው ትቆማለች። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ ጅብ፣ «አያ ጅቦ፣ አህያዋ እየሰማችን ነው» አለ።

አያ ጅቦ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ጅል፣ እሷ እኮ ጭነት ናት! ጭነት ደግሞ ጆሮ የለውም።»

ጆሮዋ ስንዝር ተኩል ነበር።

ምክሩ ሲያልቅ፣ ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት፣ እመት አህዪት አንገቷን ዘርግታ ታናፋለች። ረጅም፣ ወይም የተቆረጠ። ጅቦቹ «ሣር አምሯት ነው» ይላሉ፤ የከፉት ደግሞ «ባሏ ትዝ ብሏት ነው» እያሉ ይንከተከታሉ። ይህን ያሉት ሳያውቁ እውነት ተናግረዋል። ከዚያ ይዘምታሉ፤ በሄዱበት ሁሉ የአያ አንበሶ ጦር ቀድሞ ይጠብቃቸዋል። አያ ጅቦ በነፋሱ አሳበበ፣ በቁራ አሳበበ፣ በመጨረሻም ሁለት የእኅቱን ልጆች ጠርጥሮ ገደለ። ከአህያዋ በቀር ያልጠረጠረው አልነበረም።

አንድ ቀን ተሸንፎ፣ ተርቦ፣ ተናዶ ሲመለስ ፊት ለፊቱ አገኛት። «ለቅምሻ ብቻ ነው» አለና የግራ ጆሮዋን ጫፍ ቦጨቀ። ቃሉን አላፈረሰም፤ ቅምሻ መብላት አይደለምና። እመት አህዪት ደሟ ሳይደርቅ በማግሥቱ እንደ ልማዷ አናፋች።

ጆሮዋ አመማት። ይበልጥ ያመማት ግን ሌላ ነው። ወደ ወንዙ ስትወርድ ጦጣዎች ከዛፍ ላይ ፍሬ እየወረወሩ «የጅብ አህያ! የባሏን ገዳይ አሽከር!» ይሏታል። ይህስ ይሁን፤ ጦጣ ያልሰደበችው ማን አለ? በሬው ነው የጎዳት። በሬው የባሏ የልብ ወዳጅ ነበር፤ አብረው ግጠዋል፣ አብረው ዝናብ መትቷቸዋል። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ አያት፤ አልሰደባትም። ዞሮ ጀርባውን ሰጣት። ያን ዕለት እመት አህዪት ውኃ ሳትጠጣ ተመለሰች፤ «ልንገረው? አንድ ቃል ብቻ፣ ለእሱ ብቻ?» እያለችም መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ግን የማለችው በአባ ጃርት ሞት ነው። ዝም አለች።

በሦስተኛው ዓመት ጅቦቹ ያላቸውን ኃይል ሁሉ ይዘው በገደሉ ሥር ሊዘምቱ ተማከሩ። እመት አህዪት አናፋች፤ ቆረጠች፣ ተነፈሰች፣ ቆረጠች። ጅቦቹ ገደሉ ሥር ሲገቡ ጎሽ ከፊት፣ ከርከሮ ከኋላ፣ አንበሳ ከላይ ጠበቃቸው። የተረፉት ወንዙን ተሻግረው ከጫካው ወዲያ ወዳለው በረሃ ሸሹ። አያ ጅቦም በዚያው በረሃ ከማያውቁት አገር ገብቶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ማለቱ ተሰማ።

አባ ጃርትም በዚያው ውጊያ ሞተ።

እመት አህዪት ይህን የሰማችው ጦጣዎች ሲያወሩ ነው። መንገድ ላይ ተቀመጠች። አህያ ናትና መጀመሪያ ያሰበችው የዋህ ነገር ነበር፤ «እኔ መሐላዬን አላፈረስኩም፣ እሱ ለምን ሞተ?» አለች። ቀጥሎ የመጣላት ሐሳብ ግን የዋህ አልነበረም። ሦስት ዓመት ምን ስትሠራ እንደኖረች የሚመሰክር አሁን ማንም የለም።

ከድሉ በኋላ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ዘፈንና ጭፈራ ሆነ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት አያ አንበሶ እንስሳቱን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰበ። ከምንጩ ገና ማንም አልጠጣም፤ መጀመሪያ የሚጠጣው ማን እንደሆነ በዚያ ቀን ይለያል ተብሎ ነበር።

ጉባኤውን ያሰናዳው ቀበሮ ነው። ከድሉ በሦስተኛው ቀን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ብሎ፣ «ለዚህ ለታላቁ አብዮታችን የሽልማት ኮሚቴ ያስፈልጋል» አለ። ኮሚቴ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ እሱው ሊቀመንበር ሆነ። ለዋናው ተሸላሚ የሚሆን ቀይ ካባም አሰፋ።

አያ አንበሶ ተነሥቶ ቆመ። «በግልጽ የተዋጋውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወሮታውን ከፍያለሁ። ነገር ግን በስውር ያገለገሉን አሉ። አባ ጃርት ስማቸውን ሳይነግረኝ ሞተ። ከእነሱ አንዱ ጠላት መሐል ተቀምጦ ባያገለግለን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም አንኖርም ነበር። መጀመሪያ ከምንጩ የሚጠጣው እሱ ነው፤ ይውጣና በጉባኤው ፊት ይፎክር!» አለ።

አያ አንበሶ ጀግና ነው፤ ግን ወታደር ነው። ወታደር ከዘመቻ ሲመለስ በጌታው ፊት ይፎክራል፤ የፎከረም ይሸለማል። ሌላ ደንብ አያውቅም። በስውር የኖረ እንዴት ይፎክራል ብሎ የጠየቀ አንድም እንስሳ በዚያ ጉባኤ አልነበረም።

መጀመሪያ ውሻ ዘሎ ወጣ። «ዘራፍ! ጅብን ያባረርኩ! ጅብን በጩኸት ያራድኩ!» እያለ ተሽከረከረ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ጎሹ፣ ከጎኑ ለነበረው ከርከሮ። የሰማው ሁሉ ሳቀ፤ ውሻም ጅራቱን ሸጉጦ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ መሐል ገባ። ሌሊቱን ሲያጠና ስላደረ አልተደናቀፈም።

«ዘራፍ! ዘራፍ!
ቀበሮ በስውር፣ ቀበሮ በድብቅ፣
ከጅብ ጉያ ገብቶ ምስጢር የሚሰርቅ!
ጠላት ሲያንኮራፋ ጆሮው ሥር ተኝቶ፣
የጠላትን ወሬ ያመጣ ሸምቶ!»

እንስሳቱ እልል አሉ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ፉከራው ጥሩ ነበር፤ እውነት አለመሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ። እመት አህዪት ከኋላ ቆማ ሰማች። ጅብ ሲያንኮራፋ ጆሮው ሥር የተኛችው እሷ ናት፤ የጅብ አፍ ምን ምን እንደሚሸት ቀበሮ አያውቅም። ንዴቷን ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው።

«ምስክርህ ማነው?» አለ አያ አንበሶ።

«አባ ጃርት ነበር፣ ጌታዬ። ነፍሱን ይማረው፤ ሁሉንም የምነግረው በጆሮው ነበር» አለና ቀበሮ ዓይኑን አሻሸ።

አያ አንበሶ ሙታንን መጠየቅ አልቻለም። «እንግዲያስ ካባው ይምጣ» አለ።

«ከካባው በፊት፣ ጌታዬ፣ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ትቅደም» አለ ቀበሮ። «አብዮታችን ወዳጁን ሲሸልም ጠላቱንም መለየት አለበት። ከጅብ ጋር የኖሩ፣ ጅብን ያገለገሉ ሁሉ ወንዙን ተሻግረው ወደ በረሃው እንዲሰደዱ ኮሚቴው ወስኗል።» ኮሚቴው እሱ ብቻ ነበር። «አንደኛ፣ እመት አህዪት።»

ሁለተኛ አልነበረም።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጫፉ የተቦጨቀውን ጆሮዋንም አዩት። «የጅብ አህያ!» ጦጣዎቹ ከዛፍ ላይ ጮኹ። በሬው መሬት መሬት ያያል። እመት አህዪት በረሃው ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃለች። የሸሹት ጅቦች እዚያ ናቸው፤ የሚጫን ነገር የላቸውም፤ የሚበሉትም የላቸውም። ወንዙን በተሻገረች ማግሥት አያ ጅቦ የገባላትን ቃል ይፈጽምላታል ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ።

«እመት አህዪት» አለ አያ አንበሶ፤ ፍርዱ ደስ ያሰኘው አይመስልም። «ጅቦቹን አገልግለሻል?»

«ተሸክሜላቸዋለሁ፣ ጌታዬ።»

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት።»

«በዚህ ጉባኤ ፊት የምትናገሪው የለሽም?»

እመት አህዪት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። አባ ጃርት ቢሞትም መሐላዋ አልሞተም፤ ፈትቶ የለቀቃት የለም። ቀድሞ ነፍሱ ያለችው አፏ ውስጥ ነበር፤ አሁን ደግሞ ያለው የእሱ አደራ ነው። ቀና ስትል ከዋርካው በላይ ያለውን ቋጥኝ አየች። ያን ጊዜ ነው በዚያ የዋህ ራሷ ውስጥ አንድ ነገር የበራላት። የማለችው አልናገርም ብላ ነው። አላናፋም ብላ አልማለችም።

«የምናገረው የለኝም፣ ጌታዬ» አለች። «ደንቡ መፎከር ከሆነ ግን የማውቀው ይህን ብቻ ነው።»

አንገቷን ዘረጋችና አናፋች። መሐል ላይ ቆረጠች፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ እንደገና ቆረጠች።

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ እስኪወድቁ ሳቁ። ቀበሮ ሆዱን ይዞ፣ «ይኸው ፉከራ! ይኸው ጀግና!» አለ። አያ አንበሶም ጢሙ ተንቀጠቀጠ፤ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

ሳቁ ሳያልቅ ከላይ ድንጋይ ተንከባለለ። አንዲት ሰስ፣ የገደል ሚዳቋ፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለለች፣ ከስታና አቧራ ለብሳ፣ ወደ ታች ወረደች። አያ አንበሶን ፍለጋ ወንዙን ልትሻገር እየሮጠች ሳለ ዋርካው ሥር አንበሳውን አየችና ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በጉባኤው መሐል ሰንጥቃ እግሩ ሥር ደረሰች።

«ተቆርጧል! ገደሉ ነው!» አለች እያለከለከች። «ጌታዬ፣ ተቆርጧል! ገደሉ ነው!»

የአያ አንበሶ ጎፈር ቆመ። ማንም የማያውቃት፣ እሱ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የሰማት ቃል ነበረች። አባ ጃርት ከየውጊያው በፊት ሹልክ ብሎ ይመጣና በጆሮው አንዷን ይለዋል፤ «ተቆርጧል፣ ገደሉ ነው» ወይም «አልተቆረጠም፣ ሜዳው ነው።» «ምኑ ነው የሚቆረጠው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «እሱን አይጠይቁኝ» ነበር መልሱ።

«አንቺ ማነሽ?» አላት።

«የቋጥኙ ሰሚ ነኝ። የምነግረው ለአባ ጃርት ነበር፤ 'እኔን ካጣሽ በቀጥታ ለአያ አንበሶ' ብሎኛል። ይኸው አጣሁት። ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ጅቦቹ በገደሉ እየመጡ ነው እኮ!»

«ልጄ፣ ጦርነቱ አልቋል» አለ ጎሹ ቀስ ብሎ።

«መቼ?»

«አሥራ አምስት ቀን አለፈው።»

ሰሷ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። «ለእኔ ማን ነገረኝ?» አለች። «ከዚያ ላይ ታች አይታይ፤ ጭፈራውን ስሰማ ጅቦች ድግስ ላይ ናቸው ብዬ፣ ጤዛ እየላስኩ፣ ጆሮዬን አቁሜ ቁጭ ብያለሁ። አባ ጃርትስ?»

ጎሹ ፊቱን አዞረ። ገባት፤ አንገቷን ደፋች።

አያ አንበሶ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ወሬውን ለአባ ጃርት ታቀብል የነበርከው አንተ ነህ አይደል? እስቲ ንገረኝ፤ ምኑ ነው የሚቆረጠው?»

ቀበሮ ዋርካውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ጅራቱን አየ። «የ... የጅብ ጅራት ነው፣ ጌታዬ።»

«የምን ጅራት!» አለች ሰሷ ተቆጥታ። «ማናፋቷ ነዋ! በሜዳው ከሆነ አይቆረጥም፤ በገደሉ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷን ስሰማ ነው የኖርኩ። አሁንም አናፋች፣ መጣሁ።»

ጦጣዎች ሳይቀሩ ዝም አሉ፤ ይህም ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። አያ አንበሶ ከተቀመጠበት ወርዶ፣ ጉባኤውን አቋርጦ፣ እመት አህዪት ፊት ቆመ።

«ለምን አልተናገርሽም?» አላት፤ ድምፁ አንበሳ አንበሳ አይልም ነበር።

«ምዬ ነበር።»

«በማን?»

«አባ ጃርት ይሙት ብዬ።»

«አባ ጃርት እኮ ሞቷል።»

«ሞቷል» አለች እመት አህዪት። እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ። «እኔ ግን አልተናገርኩም፣ ጌታዬ። አሁንም አልተናገርኩም። አናፋሁ እንጂ።»

አያ አንበሶ ጉባኤውን ሁሉ እያየ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «በስውር ያገለገለ ወጥቶ ይፎክር ያልኩ እኔ ነኝ። ጅብ እንኳ ይህችን መጨረሻ ላይ እበላሻለሁ አላት አሉ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ልሰጣት ነበር። ካባውን አምጡ!»

ካባው መጣ። በአህያ ጀርባ ላይ ሲያለብሷት ከትከሻዋ አላለፈም። ልኩ የቀበሮ ነበር፤ ከድሉ በሦስተኛው ቀን ተለክቶ የተሰፋ። ያን ጊዜ የቀረው ጥርጣሬ ሁሉ ጠራ፤ ቀበሮም በጎሹ እግሮች መሐል ሹልክ ሊል ሲል ከርከሮው ጅራቱን ረገጠው።

«ሌላ ካባ ይሰፋላት» አለ አያ አንበሶ።

«ካባውስ ይቅር፣ ጌታዬ» አለች እመት አህዪት። «ጀርባዬ ላይ ምንም ባይኖር ነው ደስ የሚለኝ።»

እንዲሁ ሆነ። በእንስሳት ዘንድ ከዚያ ቀን በኋላ አህያን የጫነ የለም። ሰው ያደረገውን የምታውቁት ነው።

ቀበሮንም አያ አንበሶ አልገደለውም። «ስውር አገልግሎት ስለምትወድ ሰሷ በወረደችበት ቋጥኝ ላይ ውጣና ጆሮህን አቁመህ ጠብቅ፤ ሲያበቃ እንነግርሃለን» አለው። ያበቃ ቀን የነገረው የለም። ቀበሮ እስከ ዛሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቁሞ የሚታየው ለዚህ ነው ይባላል።

ከዚያ እመት አህዪት ወደ ምንጩ ሄደች። እንስሳቱ መንገድ ለቀቁላት። ሰሷን ዞር ብላ ጠራቻትና ጎን ለጎን ቆመው ጠጡ፤ አሥራ አምስት ቀን ጤዛ የላሰች ተራ ልትጠብቅ አይገባትም ብላ ነው። ቀጥሎ በሬው እግሩን እየጎተተ መጣ።

«እኔ... ያን ቀን ወንዙ ዳር...» አለ።

«ጠጣ» አለችው። «ውኃው ብዙ ነው።»

በሬው አጎንብሶ ሲጠጣ፣ ድሮ ከባሏ ጋር እንደሚጠጣው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠጣ ስታየው፣ ሦስት ዓመት ያመቀችው ኀዘን መጣባት። አንገቷን ወደ ሰማይ ዘርግታ አናፋች። ስለ ባሏ አናፋች፣ ስለ አባ ጃርትም አናፋች፤ ረጅም፣ አንድ ወጥ፣ እስከ ትንፋሿ መጨረሻ ድረስ። የሳቀ አልነበረም። ጎሹና ከርከሮው ግን ሳያስቡት ወደ ሜዳው ዞረው ተሰልፈው ነበር፤ የሦስት ዓመት ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም።

«አልተቆረጠም» አለች ሰሷ፣ ለራሷ ያህል፣ በቀስታ።

ከዚህ የምንማረው በስውር ያገለገለ ስለ ራሱ መናገር አይችልምና፣ ድል ያደረገ ሁሉ ጮክ ብሎ የሚፎክረውን ከመሸለሙና ዝም ባለው ላይ ከመፍረዱ በፊት ዝምታው የማን አደራ እንደሆነ መርምሮ ማወቅ እንዳለበት ነው።